«ሆድ ይፍጀው» ብለን የዋጥነው የት ይሄዳል?

ወደ ቁም ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስታዝኑ የት ላይ ነው የሚያማችሁ? «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» እንዳትሉኝ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሲከፋን «ሆድ ባሰኝ» እንላለን። ሰው ሲናፍቀን «ሆዴ ባባ» እንላለን። ታጋሹን «ሆደ ሰፊ»፣ ቶሎ የሚከፋውን «ሆደ ባሻ»፣ እንባው ቅርብ የሆነውን «ሆደ ቡቡ» ብለን እንጠራዋለን። የማይነገር ነገር ሲገጥመንስ? «ሆድ ይፍጀው!» ብለን ጥርቅም አድርገን እንዘጋዋለን።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ ተዘግቶ ስለቀረ ነገር ነው። አእምሮ በየትም ሀገር ይታመማል፤ አዲስ አበባም፣ ለንደንም፣ ቶኪዮም። ሕመሙ በምን ስም እንደሚጠራ፣ በየት በኩል እንደሚወጣና ማን እንደሚሰማው የሚወስነው ግን በአብዛኛው ሰውዬው የሚኖርበት ሀገርና ሠፈር ነው። መውጫው ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከትውልድ ቀዬዬ፣ ከአዲ አርቃይ ነው።

ሐዘን ቀን ተቆርጦለት

አዲ አርቃይን ለማታውቁ፦ ከጎንደር ተነስታችሁ ዳባትንና ደባርቅን አልፋችሁ፣ በጣልያን ጊዜ የተቆረጠውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ዛሪማን ካለፋችሁ በኋላ ተከዜ ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። ደባርቅ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው እዚያ ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። ሽቅብ ሲያዩ የሰሜን ተራሮች እንደ መጋዝ ጥርስ ተሰልፈው ቆመዋል። ገበያዋ አማርኛውንም ትግርኛውንም ሲሰማ የኖረ ነው።

እዚያ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ብቻውን አያዝንም። መርዶው ራሱ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፤ ባለ ሐዘኑ ብቻውን ሳለ አይነግሩትም፤ ማልደው ሰብሰብ ብለው ሄደው ያረዱታል። ከዚያ ድንኳን ይተከላል። ጎረቤት እንጀራውን፣ ቆሎውን፣ ቡናውን ይዞ ይመጣል። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ እንባው የደረቀበት እንኳ ያለቅሳል። ቀጥሎ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘኑ እንዲህ ቀን ተቆርጦለት፣ ደረጃ በደረጃ ይሸኛል።

እኔ ልጅ ሳለሁ ይሄ ሁሉ ግርግር ለሟቹ የሚደረግ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ትልቁ ሥራ ለቀሪዎቹ ነው የሚሠራው። ያዘነ ሰው ብቻውን እንዲያድር አይተውም፤ ባይፈልግም እንዲበላ ይለመናል፤ ባይፈልግም ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። ማልቀስ እንደ ደካማነት አይቆጠርበትም። እንዲያውም ያላለቀሰው ነው የሚታማው! ለሰው ልጅ ጭንቀት መውጫ በር ተሠርቶለታል ማለት ነው።

ሕመሙ አንድ፣ ስሙ ብዙ

ይህን የምለው የሀገሬን ባህል ለማወደስ አይደለም። ሌላውም ዓለም የየራሱ በር አለው። ለምሳሌ ቻይናን ውሰዱ። አርተር ክላይንማን የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ሁናን ክፍለ ሀገር ሄዶ «ነርቬ ደክሟል» ተብለው የሚታከሙ 100 ሰዎችን መረመረ። ሰዎቹ የሚናገሩት ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ድካም፣ ስለ እንቅልፍ እጦት ነበር። «አዝኛለሁ» ብሎ የሚጀምር አልነበረም ማለት ይቻላል። እሱ ግን በሙያው መለኪያ ሲያያቸው ከመቶው 87ቱ የድብርት ሕመምተኞች ሆነው አገኛቸው። በዚያን ዘመን ቻይና «አእምሮዬን አሞኛል» ማለት ብዙ መዘዝ ነበረው፤ ራስ ምታት ግን ማንንም አያሳፍርም።

ወደ አፍሪካችን እንመለስ። ዚምባቡዌ ውስጥ የሾና ተናጋሪዎች «ኩፉንጊሲሳ» የሚሉት አለ፤ «ማሰብ ማብዛት» እንደማለት ነው። እኛም እኮ «ሐሳብ ገደለው»፣ «ሐሳብ በላው» እንላለን! ሐኪሙ «ዲፕረሽን» የሚለውን እነሱ በሐሳብ ብዛት፣ እኛ በሆድ እንነግረዋለን።

እና ልብ በሉ፣ ሕመሙ የውሸት አይደለም። በጭንቀት የተወጠረ ሰው ሆዱ በእውነት ያቃጥለዋል፤ ትከሻው በእውነት ይነድዳል። አንጎልና አንጀት በነርቭና በደም የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲታወክ ሌላው ይሰማዋል። «አይ፣ የሐሳብ ነው እንጂ ምንም የለባትም» እያሉ የሚያሾፉ ሰዎች ቢያንስ ይህን ይወቁ።

መርዶ ያልመጣላት እናት

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ ሰው የያዘውን ይዞ በሊማሊሞ ሽቅብ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተሰደደ። በዚያ ትርምስ የአክስቴ ልጅ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ሞተ የሚል የለ፤ አለ የሚል የለ። አስከሬን የለ፣ ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ።

በኋላ ሰላም ወርዶ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እንግዲህ ያ ያወራኋችሁ የሐዘን ሥርዓት ሁሉ ለእሷ አልሠራም። እንዴት ይሥራ? መርዶ ሳይመጣ ድንኳን አይተከልም። ሙሾ ብታወርድ በገዛ አፏ ልጇን ገደለችው ማለት ነው። ጥቁር ብትለብስ «አሟረተችበት» ይሏታል። ጎረቤትም ግራ ገባው፤ «እግዜር ያጽናሽ» እንዳይላት ልጁ አልሞተም፣ ዝም እንዳይላት ደግሞ ፊቷ እያየው ነው። ስለዚህ ሁሉም ስሙን ማንሳት ተወ። እሷም «ሆድ ይፍጀው» አለች።

ብዙ ሳይቆይ ሆዷ ማቃጠል ጀመረ። ጨጓራ ነው ተባለና መድኃኒት ዋጠች። ተልባ ጠጣች። ጠበል ተጠመቀች። በርበሬ ተወች፣ ቡና ተወች። ያው ነው! ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነስታ በሩን ትከፍታለች። በስልክ ሳናግራት «ደህና ነኝ የኔ ልጅ፣ ሆዴን ብቻ ነው» ነበር መልሷ።

ነገሩ የተገለጠው አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ያገኘቻት ወጣት ነርስ ከሆዷ ሌላ ነገር ስለጠየቀቻት ነው። «እማዬ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብስ ይበላልዎታል? ልጆችዎ ስንት ናቸው?» አለቻት። አክስቴ ልጆቿን መቁጠር ጀመረች… እሱ ላይ ስትደርስ መቀጠል አልቻለችም። ስታለቅስ ቆየች። ነርሷም «የልጄ ነገር» የሚለውን ከአፏ እስክትሰማ አላቋረጠቻትም። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ የድብርት መድኃኒት ተጀመረላት፤ በየወሩም ትመለሳለች።

ይህ ዓይነቱ ሐዘን በሌላው ዓለምም ይታወቃል። ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጦርነት ላይ ጠፍተው የቀሩ ወታደሮችን ቤተሰቦች ስታጠና ያየችው ይህንኑ ነው። ሰው ሳይሞትም ሳይኖርም ሲቀር ሐዘኑ አይቋጭም፤ ቤተሰቡ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ ያቅተዋል። የእሷ ምክር ደስ ይለኛል፦ ይህ የሰውዬው ድክመት ሳይሆን የሁኔታው ክፋት ነው፤ ስለዚህ «እርሺው» ወይም «ቁርጥሽን እወቂ» እያላችሁ አታስገድዱት። «ሊኖርም ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል» የሚለውን ሁለቱንም ይዞ መኖርን እንዲለምድ አግዙት።

ከተከዜ ማዶም እናቶች ይህንኑ ኖረውታል። በትግራይ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች መርዶ ተነገረ። ጦርነቱ በፕሪቶሪያው ስምምነት ከቆመ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ያን ሰሞን የወጣው ለቅሶ ብዙ ጊዜ ታፍኖ የቆየ ለቅሶ ነበር። መርዶ ክፉ ነገር ነው፤ ግን አንዳንዴ የመርዶ መቅረት ይብሳል።

ዛሩ ምን ይል ነበር?

«ድሮስ እናቶቻችን ምን ያደርጉ ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጎንደር መልስ አላት፤ ዛር! ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ከርሞ የዛር ቤቶችን ሥርዓት ሲመዘግብ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ በዚያው በጎንደር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የዛር ቤትን «የቡድን ሕክምና» ብሎታል።

ለምን ቢባል፣ ወደዚያ የሚሄዱት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ባሏ ዞር ብሎ የማያያት፣ ሥራ የሚያጎብጣት፣ «ደከመኝ» የማለት መብት የሌላት ሴት ትታመማለች። «ዛር ነው» ሲባል ግን ጉዳዩ ይለወጣል። አሁን የሚናገረው ዛሩ ነው፤ ልብስ ይጠይቃል፣ ሽቶ ይጠይቃል፣ ጌጥ ይጠይቃል፣ እረፍት ይጠይቃል። ሚስቱን ሰምቶ የማያውቅ ባል ዛሩን ፈርቶ ይሰማል! ሴትዮዋም ብቻዋን አይደለችም፤ እንደሷ ያሉ ሴቶች ከበዋት ቡናው ይፈላል፣ ከበሮው ይመታል።

እዚህ ላይ «ወደ ዛር ቤት ሂዱ» እያልኩ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ትቃወመዋለች፤ ለዛሩ እየተባለ ስንቱ ንብረቱን እንዳራገፈም ይታወቃል። የምለው፣ መናገር ሲከለከል ሰው መናገሪያ ይፈጥራል ነው።

ግን ባህል ብቻ አያድንም!

እስካሁን ያወራሁትን ሰምቶ «በቃ፣ ፈረንጅ ነው የሚያብደው፤ እኛ ባህላችን ይበቃናል» የሚል አይጠፋም። ቆይ፣ ቀስ! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በዘጠኝ አገሮች ስኪዞፍሬኒያ የተባለውን ከባድ ሕመም ሲያስጠና፣ እንደ ህንድና ናይጄሪያ ባሉ አገሮች ያሉ ሕመምተኞች ከሀብታሞቹ አገሮች ይልቅ የተሻለ ሲያገግሙ ታዩ። ምክንያቱ የቤተሰብ ፍቅር ነው ተባለ። ለድሃ አገር ደስ የሚል ወሬ ነበር።

በኋላ ግን የእኛው ሐኪሞች ቡታጅራ ላይ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ጠይቀው፣ በከባድ የአእምሮ ሕመም የተያዙትን ለዓመታት ተከታተሏቸው። አብዛኞቹ ሲጀመር ሕክምና ቀምሰው የማያውቁ ነበሩ። ውጤቱ ያን ያህል የሚያስደስት አልነበረም፤ ሕመሙ የሚመላለስባቸውና ሳይለቃቸው የሚቆዩት ብዙ ናቸው፤ ከሌላውም ሰው በብዙ ዓመታት ቀድመው ይሞታሉ። ፍቅር አለን፤ መድኃኒት ግን ካልደረሰ ፍቅር ብቻውን አይችለውም።

ለዓመታት በሀገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አንድ አማኑኤል ብቻ ነበር። በእዚያው የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት እዚሁ ማስተማር ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003። ስለዚህ ከአዲ አርቃይ የተነሳ ሕመምተኛ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደርን አልፎ አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት። ካልደረሰስ? እኔ በዓይኔ ያየሁት በሰንሰለት ከምሰሶ ጋር የታሰረ ወጣት አለ። ያሰሩት ጠላቶቹ አልነበሩም፤ እናቱና ወንድሞቹ ናቸው። ገደል እንዳይገባባቸው ፈርተው ነው። እያለቀሱ አሠሩት!

እናንተስ፣ የከተማ ልጆች?

አሁን ወደ እኛ ልመለስ፤ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከምንኖረው። እኛ ከገጠሩም ከከተማውም ያጣን ነን ማለት ይቻላል። አክስቴ ከታመመች ጎረቤት በሯን ያንኳኳል። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ቀን ብተኛ ማን ያውቃል? በሌላ በኩል ደግሞ የፈረንጁን ያህል ሐኪም ቤት የመሄድ ልማድ የለንም። የአገሩ ቡና ቀርቶብናል፤ የሐኪሙ ወንበር አልደረሰልንም።

ቃላችንም ሳይቀር አልቋል። እስቲ አስተውሉ፤ ፊልሙ ካልጣመን «ደበረኝ»፤ ፍቅረኛ ከከዳን «ደበረኝ»፤ ሥራ ካጣን «ደበረኝ»፤ መኖር ካስጠላንም «ደበረኝ»! ጓደኛችን «ደብሮኛል» ሲለን የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሳንጠይቅ «ተወው ባክህ፣ ና ፈታ እንበል» ብለን ቢራ ቤት እንወስደዋለን። ቢራ ደግሞ ድብርትን ያባብሳል እንጂ አይፈታም፤ ጫትም እንቅልፍ ይነሳል።

«እኔ ብቸኝነት ይመቸኛል» የሚል ይኖራል። ከአዲ አርቃይ ብዙም ሳይርቅ የዋልድባ ገዳም አለ። መነኮሳቱ እህል ትተው በቋርፍ የሚኖሩበት፣ ዝምታ የሚከበርበት ነው። ግን የመነኩሴው ብቸኝነት የጸሎት ሰዓት አለው፣ ማኅበር አለው፣ አበምኔት አለው፣ ዓላማ አለው። ክፍሉን ቆልፎ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚያነጋ ወጣት ብቸኝነት ሌላ ነው። ጃፓኖች ከክፍላቸው ለወራትና ለዓመታት የማይወጡ ወጣቶች በዝተውባቸው «ሂኪኮሞሪ» የሚል ስም አውጥተውለታል።

እስቲ ምን እናድርግ?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከሐኪሞች የሰማሁትንና በአክስቴ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

1ኛ. ሆዳችሁን ወይ ራሳችሁን ካመማችሁ መጀመሪያ ታከሙ። የእውነት ጨጓራ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ካልሠራ ግን ለሐኪሙ እንቅልፋችሁንና ኑሯችሁንም ንገሩት፤ ባይጠይቃችሁም ንገሩት።

2ኛ. ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ የሚቆይ መከፋት፣ ከእንቅልፍና ከምግብ መጣላት፣ የሚወዱትን መጥላት፣ «እኔ ለምንም አልረባም» የሚል ሐሳብ ካለ ይሄ «ሙድ» አይደለም። ሕመም ነው፤ መድኃኒትም አለው።

3ኛ. የድብርት መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉት። ጠበል የምትጠመቁም ተጠመቁ፤ መድኃኒታችሁን ግን ያለ ሐኪም ምክር አታቋርጡ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

4ኛ. ወዳጃችሁ «መኖር ሰለቸኝ» ካለ አትሳቁ፣ አትቆጡም። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ እንዲያውም ያቀልለታል። ብቻውን አትተዉት፤ ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሂዱ።

5ኛ. መቀመጫ ፍጠሩ! ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የዚምባቡዌ የአእምሮ ሐኪም ነበረበት ችግር የእኛው ነው፤ ሕዝቡ ብዙ፣ ሐኪሙ ጥቂት። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሐራሬ የሠፈር እናቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። «ማሰብ የበዛበት» ሰው ይመጣል፣ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ያወራል፤ አንዱን ችግር መርጠው አብረው መላ ይመታሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ከእነሱ ጋር የተቀመጡት ከሌሎቹ በእጅጉ ተሽሏቸዋል። እኛ ለዚህ ወንበር እንኳ መግዛት አያስፈልገንም፤ ረከቦትና ጀበና ያለው ሕዝብ ነን።

አክስቴና ሌሎች ልጆቻቸው የጠፉባቸው ሦስት ሴቶች ይህንኑ ነው ያደረጉት። በየሳምንቱ ቅዳሜ ተራ ገብተው ቡና ያፈላሉ። «ሞተ» አይባልም፤ «ይመጣል»ም አይባልም። የልጆቹ ስም ግን ይጠራል። ምን ይወድ ነበር፣ ምን ያስቀው ነበር፣ እንዴት ይቆጣ ነበር… ይወራል። ሲያለቅሱ ያለቅሳሉ፣ ሲስቁም ይስቃሉ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ ድረስ ማንም አይነሳም። አክስቴ ድናለች አልላችሁም። ዛሬም ማታ ማታ በሩን ታያለች። ግን ትተኛለች፤ ትበላለች፤ ቡናዋንም ጀምራለች።

አያቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይሉ ነበር። «ሆድ ይፍጀው» ስንል ሆዱ ነገሩን የሚፈጀው ይመስለናል፤ የሚፈጀው ግን ነገሩ ሆዱን ነው። ስለዚህ አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ጋ ደውሉና «ደህና ነኝ» ሲላችሁ ስልኩን አትዝጉ። «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» በሉት። ቀሪውን እሱ ይነግራችኋል።

ቸር ይግጠመን!